ግራፊክስ ካርዳችሁ ሲያስቸግር አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ጥፋቱን መለየትና ካርዱን አውጥቶ በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ መስራት

ባለፈው ሚያዝያ ነው፣ ጅማ ዝናቡ ጠንከር ማለት በጀመረበት ሳምንት። ሰኞ ማስረከብ ያለብኝን የሰርግ ቪዲዮ ቅዳሜ ማታ ኤዲት እያደረኩ ሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ሮዝና አረንጓዴ ካሬዎች ብቅ ብቅ አሉ። መጀመሪያ ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ነበር፣ ፕሮግራሙን ስዘጋው ግን ካሬዎቹ ዴስክቶፑ ላይም አሉ፣ ከዛ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ጠቆረና በዛው ቀረ። እሁድ ጠዋት ሲስተም ዩኒቱን ተሸክሜ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ልጁ ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት "ማዘርቦርዱ ነው ወንድሜ፣ ሙሉውን ብትቀይረው ይሻልሃል" አለኝ። ቦርዱ አልነበረም። ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው ግራፊክስ ካርዱ ነበር፣ ቪዲዮውን ደሞ ሰኞ ማታ ያለ ካርድ ጨርሼ አስረክቤያለሁ።

እንዴት እንዳደረኩት ከነዝርዝሩ ልጻፈው፣ ምክንያቱም እዚ ከተማ በካርድ ብቻ ደህና ኮምፒውተር ሲጣል፣ ተማሪ ደሞ ተበድሮ ካርድ ሲገዛ በአይኔ አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል። አብዛኛው እዚ ምንገዛው ኮምፒውተር ያገለገለ የቢሮ ዴል ወይ ኤችፒ ወይ ሌኖቮ ነው፣ የነሱ ፕሮሰሰር ውስጥ ደሞ ብዙ ጊዜ ግራፊክስ አብሮ አለ። ካርድ ከተሰካበት ቀን ጀምሮ ተኝቶ ነው ያለው፣ መቀስቀስ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ስራችሁን አውጡ። ኮምፒውተሩ አሁን ምስል እያሳያችሁ ከሆነ፣ ካሬም ይኑረው መስመርም ይኑረው፣ ፕሮጀክታችሁን ፍላሽ ወይ ኤክስተርናል ላይ ገልብጡ። ካርዱ ሲሞት ሃርድ ዲስኩን አይነካም፣ ችግሩ ኮምፒውተሩ በየ 10 ደቂቃው ደርቆ እናንተ በጉልበት ስታጠፉትና ስታበሩት ፋይሉ ይበላሻል።

ቀጥሎ መቼ እንደሚያስቸግር እዩ

ዝም ብላችሁ አትንቀሉ፣ መጀመሪያ ታዘቡ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ገና ዊንዶውስ ሳይገባ የዴል ወይ የኤችፒ ሎጎ ላይ ካሬ ወይ መስመር ካለ ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር) አይደለም፣ ምክንያቱም ድራይቨሩ ገና አልተጫነም፣ ስለዚ ፎርማት ማድረግ ምንም አይጠቅማችሁም። ሎጎው ንጹህ ሆኖ ዊንዶውስ ከገባ በኋላ ከሆነ ሚጀምረው ድራይቨር ሊሆን ይችላል፣ እየደከመ ያለ ካርድም እንደዚ ያደርጋል፣ ገና አትፍረዱ። ጌም ወይ ኤክስፖርት ላይ ብቻ ከሆነ ሙቀት ወይ ፓወር ሰፕላይ ጠርጥሩ። ፋን እየዞረ ምንም ምስል ከሌለ ካርዱ በደምብ አልተቀመጠም፣ የፓወር ገመዱ አልገባም ወይ ደሞ ራም ነው።

ስክሪኑ ጠቁሮ ተመልሶ "ዲስፕሌይ ድራይቨር ስቶፕድ ሪስፖንዲንግ" ምትለው መልዕክት ከመጣች ነገሩ እንዲ ነው፦ ዊንዶውስ ለካርዱ ስራ ሰጥቶ 2 ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልስ ካላገኘ ድራይቨሩን አጥፍቶ ያስነሳዋል። አንዴ ሁለቴ ቢሆን ምንም አይደለም፣ በቀን አስር ጊዜ ከሆነ ካርዱ እየደከመ ሊሆን ይችላል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ካርዱ ላይ ቢጫ ምልክት ከነ ኮድ 43 ካያችሁም ዊንዶውስ ካርዱን "ችግር አለብኝ ብሎኛል" ብሎ አስቁሞታል ማለት ነው።

አንድ በጣም ምወዳት ቀላል ፈተና አለች። ካሬዎቹ ስክሪኑ ላይ እያሉ ፕሪንት ስክሪን ተጫኑና ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ፎቶው ውስጥም ካሬ ካለ ምስሉ የተበላሸው ገና እዛው ካርዱ ወይ ድራይቨሩ ጋ ነው። ፎቶው ንጹህ ከሆነ ግን ችግሩ ከካርዱ መውጫ በኋላ ነው፣ ማለትም ፖርቱ፣ ገመዱ፣ ኮንቨርተሩ ወይ ሞኒተሩ።

ኮንቨርተሯ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቻችን ሞኒተራችን አሮጌ ነው፣ ቪጂኤ ብቻ ነው ያለው፣ ካርዱ ደሞ አዲስ ከሆነ (የኤንቪዲያ 10 ሲሪየስና ከዛ በኋላ ያሉት) ቪጂኤ የሚፈልገውን አናሎግ ምስል አያወጣም፣ ስለዚ መሀል ላይ ያቺን ትንሽዬ የኤችዲኤምአይ ኮንቨርተር እንሰካለን። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ምህንድስና ሚማር የሰፈራችን ልጅ "ጋሼ ካርዴ ሞተብኝ" ብሎ ኮምፒውተሩን አቅፎ መጣ፣ የኛን ቲቪ በኤችዲኤምአይ በቀጥታ ስሰካለት ጥርት ብሎ በራ። ኮንቨርተሯ ነበረች፣ ስትነካ ታቃጥላለች። ስለዚ ካርዱን ከመንካታችሁ በፊት ሌላ ገመድ፣ ሌላ ፖርት፣ ቲቪም ካለ ቲቪ ሞክሩ።

አሁን ክፈቱት

ከሶኬት ንቀሉ፣ ከስታቢላይዘሩ ላይ ማጥፋት አይበቃም። ከዛ የማብሪያውን ቁልፍ 15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ቀለም ያልተቀባ የኬዙን ብረት ንኩ፣ ሹራብ ለብሳችሁ ምንጣፍ ላይ አትስሩ።

የኔን ስከፍተው ያየሁትን ልንገራችሁ። ስራ ክፍሌ ከማድቤቱ ጎን ነው፣ ጅማ ደሞ ቡና በቀን ሁለት ሶስቴ ይቆላል፣ የሚቆላው ቡና ጭስ ዘይት አለው፣ እጣኑም አለ፣ አየሩም እርጥብ ነው። ስለዚ የካርዱ ፋን ስር ያለው አቧራ ቢነፋ ሚበን ደረቅ አቧራ አልነበረም፣ እንደ ቡኒ ሱፍ ተጣብቆ አሉሚኒየሙ መሀል ገብቶ ደርቋል፣ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጌ ነው ያወጣሁት። በንፋስ ምታጸዱ ከሆነ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፣ በንፋስ ኃይል በፍጥነት ከዞረ ሊበላሽ ይችላል።

ካርዱን ለማውጣት ከኋላ ያለውን ብሎን ፍቱ፣ የፓወር ገመዱን ንቀሉ፣ ከዛ ስሎቱ (ካርዱ ቦርዱ ላይ የሚሰካበት) ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ ተጭናችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ያቺን መያዣ ሳይጫኑ የሚስቡ ሰዎች ናቸው ስሎት የሚሰብሩት። ወርቃማዎቹን ጥርሶች እዩዋቸው፣ በእርጥበት የደበዘዙ ከሆነ ንጹህ ነጭ ላጲስ በቀስታ አሹባቸው፣ ፍርፋሪውን ጥረጉ፣ ከዛ አልኮል በነካ ጨርቅ አጽዱ። አልኮል ስል የእጅ ሳኒታይዘር ማለቴ አይደለም፣ እሱ ውስጥ ግሊሰሪን አለ፣ ተጣብቆ ይቀራል። ፋርማሲ ያለው 70 ፐርሰንት አልኮልም ውሃ ስላለው በደምብ እስኪደርቅ ጠብቁ።

የፓወሩን ነገርም አብራችሁ እዩ። ስሎቱ ራሱ ለካርዱ መስጠት የሚችለው እስከ 75 ዋት ነው፣ ባለ 6 ፒን ገመድ ሌላ 75 ይጨምራል፣ ባለ 8 ፒን ደሞ 150። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባለው ካርድ በ75 ዋት ስለሚሰራ ብዙ ጊዜ ገመድ አይፈልግም፣ አርኤክስ 580 ግን 185 ዋት ነው፣ እሱን ባለ 240 ዋት የቢሮ ፓወር ሰፕላይ ላይ በሞሌክስ (የድሮው ባለ 4 ፒን ገመድ) አስማሚ ሰክታችሁ "ካርዱ ጌም ላይ ይጠፋል" ካላችሁ ካርዱ ምንም አላጠፋም። አስማሚውን እዩት፣ ፕላስቲኩ ቡኒ ከሆነ ወይ ከቀለጠ ዛሬውኑ አቁሙ፣ እሳት ያመጣል።

መልሳችሁ ስትሰኩት ቀጭ እስኪል ግፉት። በዚ ብቻ የሚድን ብዙ አለ።

ካልዳነ ድራይቨር

ሎጎው ላይ ንጹህ ለሆነላችሁ ነው ይሄ። ዲዲዩ የሚባለውን ድራይቨር ማጥፊያ አውርዱ፣ የካርዳችሁንም ድራይቨር አስቀድማችሁ አውርዱ፣ ከዛ ኢንተርኔቱን ንቀሉ፣ ካልነቀላችሁ ዊንዶውስ መሀል ላይ የራሱን ይጭናል። ሺፍት ይዛችሁ ሪስታርት በሉ፣ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ ግቡና ሪስታርት ካለ በኋላ 4 ቁጥርን ተጫኑ፣ ሴፍ ሞድ ይገባል። እዛ ዲዲዩ አሮጌውን ከስሩ ነቅሎ ይጥለዋል፣ ሲነሳ አዲሱን ጫኑ። ሴፍ ሞድ ላይ ሰላም ሆኖ አዲሱ ድራይቨር እንደተጫነ ወዲያው ካሬው ከተመለሰ ካርዱ ራሱ ነው፣ ሴፍ ሞድ ላይ ካርዱ ምንም ከባድ ስራ ስለማይሰራ ነው ደህና የሚመስለው።

ሙቀቱን ኤችደብሊው ኢንፎ ወይ ጂፒዩ ዜድ በሚባሉት ፕሮግራሞች እዩ። ስራ ላይ ከ65 እስከ 80 ምናምን ዲግሪ ሰላም ነው፣ 90ን እየነካ ከሆነ ተርማል ፔስቱ (ቺፑና ማቀዝቀዣው መሀል የሚቀባው) ደርቋል ወይ ፋኑ ቆሟል። ፈርማርክን (ካርድን እስከ ጥግ አስጨንቆ የሚፈትን ፕሮግራም ነው) በሚያጣጥር ካርድ ላይ አትክፈቱ፣ እሱ ለጤነኛ ካርድ ነው።

አንድ ጊዜ መግዣ መንገድ አለ፣ አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ የኮር ክሎኩን (የቺፑን ፍጥነት) በ100 ወይ 200 ሜጋኸርዝ ቀንሱ፣ ሜሞሪውንም በ300 ገደማ፣ ፓወር ሊሚቱን ወደ 70 ፐርሰንት አውርዱ። ጫፍ ላይ ያለ ካርድ በዚ ወራት ሊቆይላችሁ ይችላል፣ ፍጥነቱ ትንሽ ነው የሚወርደው። የኔ ግን ሎጎው ላይም ካሬ ስለነበረው ከዛ አልፎ ነበር።

ካርድ ምጣድ ላይ ወይ ኦቨን ውስጥ ስለማሞቅ ደሞ፣ እባካችሁ ተዉት። አንዳንዴ ይነሳል፣ እውነት ነው፣ የሚነሳው ግን ቺፑና ከስሩ ያለችው ሰሌዳ መሀል ያሉት ጥቃቅን ብየዳዎች ተሰንጥቀው ሙቀቱ ለጊዜው ስለሚያነካካቸው ነው፣ በቀናት ወይ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ጭሱ ደሞ እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ውስጥ መሆን ያለበት ነገር አይደለም።

ወደ ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ መሻገር

መጀመሪያ ፕሮሰሰራችሁ ግራፊክስ እንዳለው አረጋግጡ። ኢንቴል ከሆነ ከ2ኛ ትውልድ ጀምሮ አብዛኞቹ ኮር አይ 3፣ አይ 5፣ አይ 7 አላቸው። ስሙ መጨረሻ ላይ "ኤፍ" ካለ ግን የለውም፣ እንደ 9400ኤፍ፣ 10100ኤፍ፣ 12400ኤፍ ያሉት። ኤኤምዲ ራይዘን ላይ ደሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ እስከ 5000 ሲሪየስ ድረስ ዴስክቶፕ ላይ "ጂ" ያለበት ብቻ ነው ያለው፣ 3400ጂ፣ 5600ጂ፣ ከ7000 ጀምሮ ግን "ኤፍ" ከተጻፈባቸው በስተቀር ሁሉም ትንሽ አላቸው። ዚየን የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር የተገጠመላቸው ወርክስቴሽኖች ብዙዎቹ የላቸውም፣ ኢ3 1245 አለው፣ ኢ3 1230 የለውም። ከሌላችሁ የሚያዋጣው ትንሽ ያገለገለች ካርድ መፈለግ ነው፣ ምስል ለማውጣት ብቻ ከሆነ ደካማዋም ትበቃለች።

ካለ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከሶኬት ተነቅሎ ካርዱን አውጡ፣ ገመዱን ከኋላ ከዩኤስቢዎቹ ጋ ያለው የቦርዱ ፖርት ላይ ሰኩ። ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን "አልሰራም" ብሎ ከሚደውልልኝ ሰው ግማሹ ገመዱን ካርዱ ላይ እንደሰካ ነው። አንዳንድ ዴሎች ላይ የቦርዱ ቪጂኤ ፖርት ላይ የፕላስቲክ ክዳን አለ፣ ፖርት የለም ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ ክዳኑን ንቀሉት። ሌሎቹ ላይ ደሞ ዲስፕሌይ ፖርት ብቻ ነው ያለው፣ ከኤችዲኤምአይ ጋ ይመሳሰላል ግን አንድ ጥጉ ብቻ ነው የተቆረጠው፣ ለሱ አስማሚ ያስፈልጋችኋል።

አብሩት። አብዛኛው ቦርድ ካርድ እንደሌለ ሲያይ ራሱ ወደ ውስጡ ግራፊክስ ይዞራል። ካርዱን ሳታወጡ መዞር ከፈለጋችሁ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት ያለው የቦርዱ ሴቲንግ) ግቡ፣ መግቢያ ቁልፉ ዴል ኤፍ 2 ነው፣ ኤችፒ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ዴስክቶፕ ኤፍ 1፣ ሌሎቹ ብዙዎቹ ዲሊት። "ፕራይመሪ ዲስፕሌይ" ወይ "ኢኒት ዲስፕሌይ ፈርስት" ወይ "ኢንተርናል ግራፊክስ" የሚል ፈልጉና ኢንቴሉን ምረጡ። እኔ ግን አውጡት ነው ምለው፣ የታመመ ካርድ ተሰክቶ እያለ ቦርዱን ሊያስቆም ይችላል።

አሁንም ጨለማ ከሆነ ራሙን ነቅላችሁ ስኩት፣ አንዱን ብቻ አድርጋችሁ ሞክሩ። ካልሆነ የባዮስ ሴቲንጉን አጽዱ፣ ቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 ትባላለች፣ ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ አውጥታችሁ 5 ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱ። እዚ ጋ ሁለት ነገር ያጋጥማችኋል። አንደኛ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ካላስተካከላችሁት ኢንተርኔት ላይ ግማሹ ዌብሳይት አልከፍትም ይላችኋል። ሁለተኛ፣ ይሄ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አምጥቶ "ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ" ሊል ይችላል። ሃርድ ዲስኩ አልሞተም፣ ባዮሱ የሳታ ሞዱን (ከዲስኩ ጋ የሚነጋገርበትን መንገድ) ወደ ፋብሪካው ስለመለሰው ነው፣ ባዮስ ገብታችሁ ሬይድ ከሆነ ኤኤችሲአይ፣ ኤኤችሲአይ ከሆነ ሬይድ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ይነሳል። በዚ ምክንያት ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር አውቃለሁ፣ የልጆቹ ፎቶ ሁሉ ነው የጠፋው።

ሲነሳ ምስሉ ትልልቅ ሆኖ "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" ካለ የኢንቴል ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ስልካችሁን በዩኤስቢ ቴተሪንግ ሰኩና ዊንዶውስ አፕዴት ያምጣው፣ ወይ ከኮምፒውተራችሁ ፋብሪካ ዌብሳይት አውርዱ። የድሮውን ካርድ ድራይቨር በዲዲዩ አጥፉት።

እንዲሰራላችሁ ማድረግ

የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፣ ከራማችሁ ነው ሚበደረው፣ ስለዚ ራሙ ነው ህይወቱ። ባለ 2400 ዲዲአር 4 አንድ ራም ብቻ ስትሰኩ በሰከንድ 19.2 ጊጋባይት ያሳልፋል፣ ሁለት በትክክለኛው ስሎት ስትሰኩ 38.4 ይሆናል። 1050 ቲአይ በሰከንድ 112 ጊጋባይት ያሳልፍ ነበር፣ ልዩነቱ የት እንዳለ ይታያችኋል። አንድ 8 ጊጋ ካላችሁ ሌላ 8 ጨምሩበት፣ ከካርድ በጣም ይረክሳል፣ ለውጡን ወዲያው ታዩታላችሁ።

የኔ ሰርግ እንዴት እንዳለቀ፦ የኤዲት ፕሮግራሙን፣ ፕሪሚየርን፣ ስከፍተው የለመደውን ካርድ ስላጣ ሬንደረሩን (ምስሉን በምን እንደሚሰራው) ጠየቀኝ፣ "ሶፍትዌር ኦንሊ" አልኩት። ቪዲዮው ሲንቀሳቀስ ስለሚንቀረፈፍ ለሁሉም ክሊፕ 720 ፕሮክሲ (ለኤዲት ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ) ሰራሁ፣ ማታውን ሲሰራ አደረ፣ ጠዋት ፕሌይባኩን አንድ አራተኛ ላይ አድርጌ ኤዲቱን ጨረስኩ። ኤክስፖርት ላይ ሀርድዌር ኢንኮዲንግ የሚለውን ምረጡ፣ ኢንቴል ውስጥ ክዊክ ሲንክ የሚባል ለቪዲዮ ብቻ የተሰራ ክፍል አለ፣ ካርድ ባይኖርም ይሰራል። ሙሉውን በአንዴ አላወጣሁትም፣ ጊልገል ጊቤ ግድብ ከኛ ሩቅ ባይሆንም መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ሽማግሌ የተላከበትን ለብቻ፣ ኒካውን ለብቻ፣ ጭፈራውን ለብቻ አውጥቼ መጨረሻ ላይ ቀጠልኳቸው። ሁለቴ መብራት ሄዷል፣ የጠፋብኝ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ሰኞ ማታ የሙሽራው እናት ፍላሹን ተቀብለው "ልጄ፣ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን" ሲሉኝ አይኔ በእንቅልፍ እየተጨፈነ ነበር።

አውቶካድ ለምትሰሩ 2ዲ በደምብ ይሰራል፣ ከተንገዳገደ "ግራፊክስኮንፊግ" ብላችሁ ሀርድዌር አክስለሬሽኑን አጥፉ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ግን በዚ ግራፊክስ ይከብዳል፣ አልመክርም።

ላፕቶፕ ላይ ሁለት ግራፊክስ ያላችሁ ቀላል ነው፣ ዲቫይስ ማኔጀር ገብታችሁ ኤንቪዲያውን ዲሴብል በሉት፣ ብዙዎቹ ላይ ስክሪኑ የተያዘው ከኢንቴሉ ጋ ስለሆነ ምስሉ አይጠፋም። ኤችዲኤምአይ ፖርቱ ግን በኤንቪዲያው በኩል የሚሄድ ከሆነ ይዘጋል።

ኋላ ላይ ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ሻጩ ፊት ለፊት ቢያንስ 20 ደቂቃ ከባድ ስራ አሰሩት፣ ጂፒዩ ዜድንም ክፈቱ፣ የድሮ ጂቲኤስ 450 ቺፕ 1050 ቲአይ ተብሎ ይሸጣል፣ ጂፒዩ ዜድ ስሙ ፊት "ፌክ" ብሎ ይጽፍባችኋል። መብራት ሲሄድም ከሶኬት ንቀሉ፣ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩና ስኩ፣ ሲመለስ ቮልቴጁ ይዘላል።

እስከዛ ድረስ ካርዱ የወጣበትን የኋላውን ክፍት ቦታ በብረቷ ሽፋን ዝጉት፣ ብረቷ ከጠፋች በወፍራም ካርቶንና በፕላስተር። እኔ ሳምንት ክፍት ትቼው ነበር፣ በረሮ ገብቶ ስሎቱ ላይ ነው ያገኘሁት።